ሎጎ ሲተልቅም ሲያንስም እንዳይደበዝዝ፦ ከጎንደር የተነሳ ጥያቄና የተከተሉት መልሶች

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ የለጠፈው ማራኪ አካባቢ ዳቦ ቤት ሊከፍት ደፋ ቀና የሚል ልጅ ነው። ጥምቀት እየደረሰ ነበር። ከተማው በእንግዳ ከመጥለቅለቁ በፊት በሩ ላይ ሦስት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ባነር መስቀል ይፈልጋል። ሎጎ አለው። የፋሲል ግንብ ከነጉልላቶቹ፣ ከሥሩ የዳቦ ቤቱ ስም በአማርኛ። እጁ ላይ ያለው ግን አንድ ጄፔግ ፋይል ብቻ ነው። ወርዱ 640 ፒክስል (ምስሉ የተደረደረባቸው ትንንሽ ነጥቦች)።

ማተሚያ ቤት ሄዶ በባነሩ ልክ ሲዘረጉለት ጉድ ፈላ። የጉልላቶቹ ጠርዝ ጥርስ አውጥቷል። ፊደሎቹ ዙሪያቸውን ጭጋግ ለብሰዋል። የ«ቤ» ቀለበት ተደፍኖ «ዳቦ ቤት» የሚለው «ዳቦ ቢት» ተብሎ ይነበባል። ለፌስቡክ ፕሮፋይል ሲያሳንሰው ደግሞ የግንቡ መስኮቶች እርስ በርስ ተዋህደው ቡናማ ጠብታ ሆኑበት። ፎቶሾፕ ከፍቶ 72 የሚለውን የዲፒአይ ቁጥር (ለአንድ ኢንች የሚደርሰውን ነጥብ) 300 አድርጎ አይቷል። ጠብ ያለለት ነገር የለም። ስለዚህ የትኛውን ሴቲንግ ልንካ ብሎ ጠየቀ።

መልሶቹ ሃያ ዘጠኝ ደርሰዋል። እዚህ በየቁጥራቸው እያነሳሁ ላወራችሁ ነው። ሁሉንም እኩል አላወራም፤ አንዳንዶቹ ከሰላምታ አላለፉም። አስቀድሜ የራሴን ልበል። ልጁ ሴቲንግ ነው የጠየቀው፤ መልስ ሰጪዎቹም የክሩን (የውይይቱን ሰንሰለት) ግማሽ ሴቲንግ ሲያማርጡ ጨረሱት። የሎጎ ጥራት የሚወሰነው ግን ፋይሉ ከየት ተነስቶ በማን እጅ አልፎ መጣ በሚለው ነው። ይህን ያዩት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱ ላይ ቆም እላለሁ።

1ኛውና 2ኛው መልስ ጨዋነታቸው ያስመሰግናል። ልጁን እንኳን ለሥራ አበቃህ ብለው መርቀውታል። ምክራቸው ግን አንድ ነው፤ 300 ዲፒአይ አድርገው። እሱ ያንን ማድረጉን ጥያቄው ውስጥ ጽፎታል። ሳያነቡ መመለስ የተለመደ ነው።

3ኛዋ ዲዛይን እንደምታስተምር የገለጸች ሴት ናት። ከሷ በፊት የጻፉትን በትህትና ነው ያረመቻቸው፤ በሒሳቡ ግን አልማረቻቸውም። ሦስት ሜትር ማለት 118 ኢንች ነው። 640 ፒክስልን ለ118 ኢንች ስታካፍለው ለአንድ ኢንች አምስት ፒክስል ከምናምን ይደርሰዋል። እያንዳንዷ ፒክስል ባነሩ ላይ አምስት ሚሊሜትር ገደማ ትሆናለች፤ የምስር ፍሬ ታክላለች ማለት ነው። በምስር ፍሬ የተደረደረ ግንብ ጠርዙ ጥርስ ባያወጣ ነበር የሚገርመው።

ቀጥላ የ72ንና የ300ን ነገር አፍታታችው። ዲፒአይ ፋይሉ ላይ የተለጠፈ ቁጥር እንጂ የምስሉ ሥጋ አይደለም። ፎቶሾፕ ውስጥ ሪሳምፕል (ፒክስሉን ጨምሮ ወይም ቀንሶ እንደገና ማስላት) የሚለው ሳጥን ምልክት ከሌለው 72ን 300 ማድረግ አንዲት ፒክስል አይጨምርም። የህትመቱን ወርድ ብቻ ከ22.6 ሴንቲሜትር ወደ 5.4 ሴንቲሜትር ያወርደዋል። ምልክቱ ካለበት ደግሞ 640ው ተለጥጦ 2,667 ፒክስል ይሆናል። የተጨመሩት ፒክስሎች ግን ፕሮግራሙ ከጎረቤቶቻቸው እያማከለ የገመታቸው ናቸው። በጥቁርና በነጩ መካከል ግራጫ ይሞላል። ያ ግራጫ ነው እኛ ብለር የምንለው።

4ኛው ላይ አየሩ ተቀየረ። የጻፈው ሰው ባነር ማተሚያ ውስጥ ነው የሚሠራው። በዓል በደረሰ ቁጥር ደንበኛው ሁሉ ከስልኩ ስክሪንሾት ይዞ ይመጣል ብሎ ተማሯል። አንዱ ያመጣው ሎጎ ላይ የስልኩ ሰዓትና የባትሪው ምልክት ሳይቀር አብሮ ነበረ። እንዲህ ያለውን አምጥተው ሲደበዝዝ ማሽኑን ይሰድባሉ። ጥያቄ ያቀረበውንም ልጅ ከነሱ አንዱ አድርጎ ነው የወረደበት። 5ኛው ወዲያው ገባና ሰው ሊማር ሲጠይቅ አይዘለፍም ብሎ ገሠጸው። እውነት ነው። ግን የ4ኛውም ምሬት የሚገባው ይገባዋል። ማታ ላይ መጥቶ ጠዋት ይድረስልኝ የሚል ደንበኛ ፊት ቆሞ ያየ ያውቀዋል።

6ኛው አጭር ነው፤ ለኔ ግን የክሩ መዞሪያ እሱ ነው። ሎጎው በምን ተላከልህ ብሎ ነው የጠየቀው። ቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከን ምስል በተለመደው አላላክ ረጅም ጎኑን ወደ 1,280 ፒክስል አውርዶ በጄፔግ ይጨምቀዋል። ከኋላው ባዶ የነበረው ሎጎም ባዶነቱን አጥቶ ቀለም የተቀባ መደብ ይዞ ይወጣል። ፋይል ተብሎ ሲላክ ግን ሳይነካ ያልፋል። እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ።

7ኛው የራሱ የባለ ዳቦ ቤቱ ነው። አዎ፣ በፎቶ ነው የመጣለት። ከዚያም ዙሪያውን ያለውን ነጭ በስልኩ ቆርጦ ጣለው፤ 640 የሆነው ያኔ ነው። ዲዛይነሩስ? ከጎንደር ወጥቷል። ሎጎው የነበረበት ላፕቶፕም ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቷል። እንግዲህ ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም። ሐኪም ዘንድ ሄዶ የት እንዳመመው በሰባተኛው ጥያቄ የሚናገር ሰው አይጠፋም።

8ኛው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስል የሚያሳድጉ ድረ ገጾች አሉ፣ አንዴ ጫን ብታደርገው አራት እጥፍ ይሆንልሃል አለ። በቅንነት ነው። 9ኛው ግን ሞክሮት ያውቃል። ለሠርግ ፎቶ ጥሩ ነው ይላል። ቆዳና ጸጉር ላይ ትንሽ ቢፈጥር ማንም አይከሰውም። ፊደል ላይ ሲፈጥር ነው ጣጣው። የኛ ፊደል ልዩነቱ ትንሽ ቅጥያ ላይ ነው፤ የአንዲት እግር ማጠር፣ የአንዲት ቀለበት መኖር። ፕሮግራሙ ቅጥያዋን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ይጠርጋታል፣ ወይም ከየትም የሌለ ጭረት ይጨምርባታል። እሱ የሰጠው ስም ሌላ ስም ሆኖ ነው የተመለሰለት፤ ጠርዙ ግን ምላጭ ነበር። ይህ አገላለጹ በጣም ገብቶኛል። የጠራ ስህተት ከደበዘዘ እውነት የባሰ ነው፤ ማንም አይጠረጥረውማ።

10ኛው ረጅሙ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብሎ ነው የጀመረው። ጽሑፉን ሲያጋምስ መብራት ጠፍቶበት እንደገና እንደጻፈው ጭምር ነግሮናል። ሐሳቡ ይህ ነው። ምስል ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በፒክስል የተደረደረ ነው፤ ጄፔግ፣ ፒኤንጂ፣ ከካሜራ የሚወጣው ሁሉ። ሌላው ቬክተር ነው፤ በነጥቦችና ነጥቦቹን በሚያገናኙ መስመሮች ሒሳብ የተጻፈ። ኤስቪጂ፣ የኢሉስትሬተር ኤአይ፣ የኮረል ሲዲአር፣ ኢፒኤስ፣ ብዙ ጊዜም ፒዲኤፍ። ቬክተሩ ለማህተም ሲያንስም ለባነር ሲተልቅም ሒሳቡ እንደገና ይሠራል። የሚለጠጥ ነገር ስለሌለ የሚደበዝዝ ነገርም የለም። ስለዚህ ያለው መፍትሔ ሎጎውን እንደገና በቬክተር መሣል ነው። ሌላው ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው ባይ ነው።

አሣሣሉንም እዚያው አስተማረ። ኢንክስኬፕ የሚባለው የቬክተር መሣያ ፕሮግራም ነጻ ነው፤ ላይሰንስ መግዛት አይፈልግም፣ ደከም ባለ ላፕቶፕም ይሠራል። ጄፔጉን ከታች አስገብቶ መቆለፍና ቀለሙን ማሳሳት። ከላይ በፔን ቱል መስመሩን መከተል። የግንቡ ጫፍ ላይ ያሉት ጥርሶች ቀጥ ያሉ መስመሮች ናቸው፤ አንዱን ጥርስ ሠርቶ በእኩል ርቀት መደርደር ይበቃል። አራቱ የማዕዘን ማማዎች ጉልላታቸው ተመሳሳይ ነው። አንዱን በደንብ ሥሎ ሦስቱን ኮፒ ማድረግ። ነጥብ ማብዛት አያስፈልግም። ሙሉ ክብ እንኳ በአራት ነጥብ ይሣላል። ነጥብ በበዛ ቁጥር መስመሩ ይንቀጠቀጣል።

በአንድ ክሊክ ትሬስ ማድረግስ (ፕሮግራሙ ራሱ ምስሉን ተከትሎ በቬክተር እንዲሥል ማዘዝ)? እሱንም አልዘለለውም። በተጨመቀ ጄፔግ ላይ ትሬስ ብትል ፕሮግራሙ ግንቡን ብቻ አይከተልም። በጠርዙ ዙሪያ ያለውን የጄፔግ ቆሻሻም ግንብ ነው ብሎ ይሥለዋል። ጉልላቱ ጎርበጥባጣ ይሆናል፤ ነጥቡም ተቆጥሮ አያልቅም። የግድ ከሆነ መጀመሪያ ምስሉን በባይኪዩቢክ (አንዱ የምስል ማሳደጊያ ስሌት ነው) ሦስት አራት እጥፍ ማሳደግ፣ ጥቂት ብለር መስጠት፣ ከዚያ በትሬሾልድ ጥቁርና ነጭ ብቻ ማድረግ። ትሬሱ ከዚያ በኋላ ይቀላል። ብለር ሰጥቶ ማጥራት ለጆሮ ይከብዳል፤ ግን ይሠራል። ትናንሾቹን ቆሻሻዎች ብለሩ ይውጣቸዋል፣ ትሬሾልዱ ደግሞ ጠርዙን መልሶ ይቆርጠዋል። ፊደሉን ግን በምንም ዓይነት ትሬስ አታድርጉ ብሎ አስጠንቅቋል። ፎንቱን ፈልጎ እንደገና መጻፍ ነው።

11ኛዋ ቤቷ ሆና ለሰው የምትሠራ ዲዛይነር ናት። የ10ኛውን ነጥብ በነጥብ ደግፋ ስለ ፎንቱ የራሷን ገጠመኝ ጨመረች። ለአንድ ማኅበር የሠራችው ባነር ማተሚያ ቤት ሲከፈት ስሙ በሙሉ የላቲን ፊደልና ኮማ ሆኖ ቁጭ አለ። የጻፈችበት ፎንት የድሮ ስለነበረ እዚያ ኮምፒውተር ላይ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጽሑፍን ወደ ቅርጽ ሳትቀይር ፋይል ከቤት አታወጣም። ኢሉስትሬተር ላይ ኮንትሮል ሺፍት ኦ፣ ኮረል ላይ ኮንትሮል ኪው፣ ኢንክስኬፕ ላይ ኮንትሮል ሺፍት ሲ። ቅርጽ የሆነ ፊደል ፎንት አይጠይቅም። አንድ ነገር ግን አለ፤ ከተቀየረ በኋላ ተመልሶ አይታረምም። ስለዚህ የሚታረመው ኮፒ ለብቻው ይቀመጣል።

12ኛው ለምን እንዲህ እንደሚሆን አስረዳ። እንደ ፓወር ግዕዝ ያሉ የቀድሞ ፎንቶች የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የኛን ፊደል አስቀምጠው ነው የሚሠሩት። ፎንቱ ሲጠፋ ከሥሩ ያለው ላቲን ይወጣል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ኒያላና ኖቶ ያሉት መጡ። በነዚህ የተጻፈ ቢያንስ ፎንቱ ቢጠፋም በሌላ ፎንት ይነበባል፤ መልኩ ግን ይለወጣል። ለሎጎ መልኩ መለወጡም ያው ጥፋት ነው።

ከ13 እስከ 16 ያለው ሌላ መንገድ ነው። አንዱ ጎንደር ውስጥ ከጎማ ጥገና እስከ ጸጉር ቤት ግንቡን ያልለጠፈ አለ ወይ ብሎ አሾፈ። ሌላው ተቆጣ። ግንቡ የኛ ነው፣ ብንለጥፈውስ ምን ይመጣል ብሎ ጦፈ። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ መሆኑን አንዱ አስታወሰ፤ ለምን እንዳስታወሰ ግን ግልጽ አይደለም። 16ኛው ጭራሽ ስለ ፋሲል ከነማ ገባ። የ2013ን ዋንጫ ሳያነሳ የሚያልፍ የጎንደር ክር የለም።

ደግነቱ 17ኛው ከዚያ ጫጫታ ውስጥ ቁም ነገር አወጣ። ግንቡን መለጠፉ አይደለም ችግሩ፤ ሙሉውን ግንብ ከነመስኮቱ፣ ከነደረጃው፣ ከነጥርሱ ትንሽዬ ክብ ውስጥ መክተቱ ነው። 32 ፒክስል ላይ አንድ መስኮት አንዲት ፒክስል እንኳ አይደርሰውም። ምንም ዓይነት ሴቲንግ አያድነውም፤ ቦታ የለማ። ስለዚህ ሎጎ ሁለት ሦስት ልክ ይሠራለታል። ለባነርና ለታፔላ ሙሉው ግንብ ከነስሙ። ለቢዝነስ ካርድ መስኮት የተቀነሰለት። ለፕሮፋይል አንድ ማማ ከነጉልላቱ ብቻ፣ ስም የሌለው። ስሙ እንደሆነ ከፕሮፋይሉ ሥር ተጽፎ ይታያል። እዚህ ላይ ልጁ የጠየቀው ሁለተኛ ጥያቄ መልስ አገኘ። ሁሉም ለማሳደግ ሲጨነቅ ማሳነሱን የረሱት ይመስለኝ ነበር።

18ኛዋ ያቺው 3ኛዋ አስተማሪ ናት። የ17ኛውን ይዛ ወደ ኤክስፖርት ገባች። እያንዳንዱ ልክ በቀጥታ ከቬክተሩ ይውጣ። 512ቱን አሳንሶ 256፣ 256ቱን አሳንሶ 128 እያሉ መውረድ አያስፈልግም። በየደረጃው ትንሽ ትንሽ ጥራት ይሸረፋል። የመጨረሻውን ልክ እዚያው ኤክስፖርት ሲደረግ በፒክስል መጻፍ ነው፤ አውጥቶ በስልክ ማሳነስ አይደለም። ቬክተር የሌለውና በፎቶሾፕ የሚያሳንስ ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ ይጨርስ፣ ባይኪዩቢክ ሻርፐር የሚለውን ይምረጥ። ያሳነሰውን ሴቭ አድርጎ መልሶ ቢያሳድግ የጠፋው አይመለስም። ስማርት ኦብጀክት ካደረገው ግን ፎቶሾፕ ዋናውን ከውስጥ ስለሚይዝለት ቢያሳንስም ቢያሳድግም ከዋናው ልክ እስካላለፈ ድረስ አይጎዳም።

አንድ ነገር ደግሞ በቅርበት አሳየች። አንድ ፒክስል ውፍረት ያለው ጥቁር መስመር ልክ ፒክስሏ ላይ ካረፈ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። በሁለት ፒክስል ድንበር ላይ ካረፈ ግን ግማሽ ግማሹን ለሁለቱ ያካፍልና ሁለት ግራጫ ፒክስል ይሆናል። መስመሩ ወፈረ፣ ደበዘዘም። ቬክተር ሆኖም ለምን ብለር አደረገ የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ትናንሽ ልኮች ላይ ስናፕ ቱ ፒክስል የሚለውን አብርቶ የማማውን ግራና ቀኝ ጠርዝ ሙሉ ፒክስል ላይ ማሳረፍ ነው። ይህን አንቀጽ ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ብዙ ዲዛይነር የማያውቀው ሚስጥር ነው።

19ኛው ስለ ፎርማቱ ጻፈ። ጄፔግ እ.ኤ.አ. የ1992 ደረጃ ነው፤ ለፎቶግራፍ የተሠራ። ምስሉን ስምንት በስምንት ፒክስል አድርጎ ይከፋፍለውና ዓይን አያየውም ያለውን ይጥላል። ሰማይና ፊት ላይ አያስታውቅም። ጥቁር ፊደል በነጭ ላይ ሲሆን ግን በፊደሉ ዙሪያ ትንኝ የሰፈረ ያስመስለዋል። ተከፍቶ እንደገና ሴቭ በተደረገ ቁጥር ይብስበታል። ፒኤንጂ እ.ኤ.አ. በ1996 የመጣ ነው፣ ሲጨምቅ ምንም አይጥልም፣ መደቡንም ባዶ አድርጎ መያዝ ይችላል። ፌስቡክም ራሱ ሎጎ ወይም ጽሑፍ ላለበት ፕሮፋይል ፒኤንጂ ይመክራል። ፕሮፋይሉ በክብ ስለሚቆረጥ ዙሪያውን ክፍት ቦታ መተው እንዳይረሳም ነገረን። ጉልላቱ ተገምሶ የቀረ ፕሮፋይል ስንቱን አይተናል።

20ኛው ቀላል መንገድ አገኘሁ ብሎ መጣ። ጄፔጉን ፒዲኤፍ አድርገህ ስጣቸው፣ ፒዲኤፍ ቬክተር ነው፣ በቃ። 21ኛው አልሸሹም ዞር አሉ ብሎ አበጠረው። ትንሽ ጨከን ያለ ይመስለኛል፤ ግን ልክ ነው። ፒዲኤፍ መያዣ ነው። ውስጡ የተቀመጠው ጄፔግ ከሆነ ያው ጄፔግ ነው። ኤስቪጂም እንደዚያው። መለያውንም ሰጠ። ፒዲኤፉን ከፍቶ እስከ መጨረሻው ዙም ማድረግ። ጠርዙ ምላጭ ሆኖ ከቀጠለ ቬክተር ነው፤ ጥርስ ካወጣ ምስል ነው። ኤስቪጂውን ደግሞ በኖትፓድ መክፈት። አጫጭር የቁጥር መስመሮች ከታዩ ደህና፤ ቤዝ64 የሚል ቃል ካለና ከኋላው ማለቂያ የሌለው ፊደል ከተግተለተለ ከሥሩ ፎቶ ተደብቋል። ዲዛይነር ፋይል ሲያስረክብ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይህን ማየት ነው። ካንቫ በሚባለው የዲዛይን ድረ ገጽ ለሚሠሩም አንድ ቃል አክሏል። በነጻው አካውንት ኤስቪጂ አይወርድም፤ ፒዲኤፍ ፕሪንት የሚለው ግን በነጻ ይወርዳል። እዚያው ካንቫ ላይ የተጻፈ ጽሑፍና ቅርጽም በቬክተርነቱ ይቆያል።

22ኛው ያ የማተሚያ ቤቱ ሰው፣ 4ኛው ነው። በረድ ብሎ ተመልሷል። ይቅርታ አላለም፤ ግን የሚጠቅም ነገር ይዞ መጣ። ባነር ከሩቅ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ ባነር ላይ ፎቶ ካለ 300 ዲፒአይ አያስፈልገውም። በሙሉ ልኩ 100 ይበቃዋል። ሦስት በአንድ ሜትር በ100 ሲሆን 11,811 በ3,937 ፒክስል ነው። ይህ ራሱ ከባድ ነው። 300 ብለው የሚያመጡለት ፋይል ኮምፒውተሩን ቀጥ ያደርገዋል። ለሎጎው ግን ቬክተር ብቻ ስጡኝ ይላል፤ ፒዲኤፍ ቢሆን ይመረጣል። ኮረል ከሆነም ወደ ዝቅተኛ ቨርዥን ሴቭ ተደርጎ ይምጣ። የሱ ኮረል የቆየ ስለሆነ አዲሱን አይከፍትለትም።

የመስመር ውፍረት ነገር ደግሞ ከሱ ሌላ ያነሳው የለም። ቢዝነስ ካርድ ላይ የተሠራን ሎጎ ወደ ባነር ስታሳድግ ስኬል ስትሮክስ ኤንድ ኢፌክትስ የሚለው የኢሉስትሬተር ሴቲንግ (መስመሩም አብሮ ይደግ የሚለው) ካልበራ ቅርጹ ያድጋል፣ መስመሩ ግን በነበረበት ይቀራል። ሁለት ፖይንት የነበረው መስመር ሦስት ሜትር ባነር ላይም ሁለት ፖይንት ነው፤ 0.7 ሚሊሜትር። ከመንገድ ማዶ ማን ያየዋል? ጥርት ያለ ፋይል ሆኖ ግንቡ ጠፍቶ የሚወጣበት ጊዜ አለ። መድኃኒቱ መስመሮቹንም እንደ ፊደሎቹ አስቀድሞ ወደ ቅርጽ መቀየር ነው።

23ኛው ስለ ማህተም ጠየቀ፤ መልሱን ራሱ ሰጠ። በአንድ ቀለም ብቻ የሚሠራ ኮፒ ያስፈልጋል፣ ጥላና ግራዲየንት አይቻልም፣ ቀጫጭን መስመሮችም ላስቲኩ ላይ አይያዙም። በዚሁ አለፈ።

24ኛው ከውጭ አገር የጻፈ ወንድማችን ነው። ነገሩን ወደ ገንዘብ ወሰደው። ለዲዛይነር የሚገባውን ስለማትከፍሉ ነው ሶርስ ፋይል (ሎጎው የተሠራበት ዋናው ፋይል) የማይሰጣችሁ ብሎ ከጎንደር አልፎ አገሩን በሙሉ ወቀሰ። 25ኛው ዲዛይነር ነው፤ እሱ ደግሞ እሳት ላይ ቤንዚን አርከፈከፈ። ደንበኛ በምሳ ዋጋ ሎጎ አሠርቶ ሶርስ ፋይሉን ካላገኘሁ ይላል፣ ከዚያ ፋይሉን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ያስለውጠዋል። 26ኛዋ መሐል ገባች፤ ከአነጋገሯ 11ኛዋ ነች። የምትሠራበትን ፋይል ሙሉውን መስጠት ሌላ፣ ያለቀውን ሎጎ በፒዲኤፍና በኤስቪጂ መስጠት ሌላ ነው። የመጀመሪያው በስምምነት ነው። ሁለተኛው ግን ደንበኛው የከፈለበት ዕቃ ነው፤ ካልተሰጠው ሎጎ አልተሰጠውም። እኔም ከሷ ጋር ነኝ። በቴሌግራም ፎቶ ሎጎ አስረክቦ ብር መቀበል በሩን ከልክሎ ቤት መሸጥ ነው። 25ኛው አልተመለሰም።

27ኛው ላይ ባለ ዳቦ ቤቱ ብቅ አለ። ሎጎው በ11ኛዋ እጅ በቬክተር ተሥሏል። በውስጥ መስመር ተነጋግረው ነው፤ በስንት እንደተስማሙ አልጻፈም፣ ማንም አልጠየቀም። ፋይሎቹ በፋይል መልክ ተልከውለት ፍላሽ ላይም ቀድቷቸዋል። ፕሮፋይሉ ላይ አንዲት ማማ ብቻ ናት ያለችው። ባነሩ ተሰቅሏል፤ «ቤት»ም ቤት ሆኗል። አሁን የከፋው ቀለሙ ነው። ስልኩ ላይ ወርቃማ ቡኒ የነበረው ግንብ ባነሩ ላይ ጠቆር ብሎ የተቃጠለ ዳቦ ቅርፊት መስሏል። ይህን ያለው ራሱ ነው፤ ባለሙያ ነውና እንቀበለው።

28ኛው ያው የማተሚያ ቤቱ ሰው ነው። ስክሪን በብርሃን ነው የሚያሳይ፣ ማሽኑ ደግሞ በአራት ቀለም ነው የሚረጨው። ስክሪን ላይ የሚያበራ ወርቃማና ብርቱካናማ በቀለም እንዳለ አይወጣም። ፋይሉ ሲኤምዋይኬ (በነዚያ አራት የማተሚያ ቀለሞች የሚሠራው ስልት) ተደርጎ ይምጣ፣ ከሙሉው ባነር በፊትም የግንቡን ቁራጭ በኤ4 ልክ በዚያው የባነር ጨርቅ ላይ አሳትሞ በቀን ብርሃን ማየት ነው አለው። ቀለሙ ራሱን የቻለ ወሬ ስለሆነ ሌላ ጥያቄ ክፈትለት ብሎ ዘጋ።

29ኛው ስለ ሎጎ አይደለም። ለጥምቀት ድፎ ዳቦ በትእዛዝ ይጋገር እንደሆነ ነው የሚጠይቀው። ለዚህኛው ባለቤቱ በደቂቃ ውስጥ ነው የመለሰው።